ከወንዙ እየቀዳን ነጭ አሳውን ማትረፍ፦ ለጣና ገባር ወንዞች ዝርዝር መመሪያ

ጥቅምት ሲጋመስ ጉማራና ርብ ዳር የውሃ ሞተር ይንጎራጎራል። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሩዙ ሊታጨድ ነው፣ የሽንኩርት መደብ እየተሰናዳ ነው። ሞተሩን ማንም ሊኮንነው አይችልም። ፎገራ ላይ በመስኖ ልጁን ያስተማረ፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራ ገበሬ ብዙ ነው። ችግሩ በዚያው ሰሞን ወንዙ ውስጥ ሌላም መንገደኛ መኖሩ ነው። ክረምት የተፈለፈለ የነጭ አሳ ጫጩት ወደ ጣና ለመውረድ ያንኑ ውሃ ይፈልገዋል።

ይህ መመሪያ ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአሳ አስጋሪ ማኅበራት የተጻፈ ነው። አትቅዱ አይልም። መቅዳታችሁ አሳው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዴት እንደምታካክሱ ነው የሚያሳየው። የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው፦ ሜትር፣ ሞባይል፣ ደብተር፣ ባዶ በርሜል፣ ቀይ ቀለምና አንድ ብርቱካን።

ስለየትኛው አሳ ነው የምናወራው?

ጣና ላይ ቀረሶና አምባዛን የማያውቅ የለም። ሦስተኛው ነጭ አሳ ነው። ሌላ ቦታ ቢልጫ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ስላለው ከታችኛው ዓባይ አሳ ወደ ጣና መውጣት አይችልም። በዚህ ተነጥሎ የኖረው ነጭ አሳ ከጊዜ ብዛት ወደ 15 ዝርያ ተከፋፍሏል። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ሌላ የትም አይገኙም። ስምንቱ ሌላ አሳ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው ግን የዚህ ወገን አሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ያለ ጥርስ አዳኝ መሆን በአሳ ዓለም ያልተለመደ ነገር ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዝ ይገባሉ። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር ሲጀመር፣ መረቡ የተዘረጋው አሳው ለመራባት በሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ ላይ ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል የነጭ አሳ ብዛት 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያ ባሰ፤ ቅናሹ ወደ 90 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ መጀመሪያ የጎዳው መረብ ነው። የውሃው ማነስ የመጣው በተጎዳ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የአሳውንና የእርሻውን ወራት ጎን ለጎን ጻፉ

አንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት አስፍሩ። ባንድ በኩል አሳው የሚያደርገውን፣ በሌላው በኩል ገበሬው የሚያደርገውን ጻፉ።

ሐምሌ ላይ ትልልቁ አሳ ወንዝ አፍ ይሰበሰባል። ነሐሴና መስከረም ላይ ሽቅብ ይወጣል። ደለል ከበዛበት ከዋናው ወንዝ ወጥቶ ወደ ትናንሽ ገባሮች ይዘልቃል። የጠራ ውሃ በፍጥነት የሚያልፍበት፣ ጠጠር የተነጠፈበት ቦታ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ጥቅምት ላይ ነገሩ ያበቃል፣ ትልልቁም ይመለሳል። ጫጩቱ ግን ወዲያው አይወርድም። ወንዙ እየቀነሰ ሲሄድ ከፊሉ ይወርዳል፤ ከፊሉ በየኩሬው ይቀራል።

አሁን የእርሻውን ወገን እዩት። ዋናው የመስኖ ወቅት በጋ ነው። እንቁላል የሚጣልበት ጊዜ ክረምት ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። የሚገናኙት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፦ ወንዙ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ጫጩቱም መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው ክፉ ጊዜ መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ኩሬዎቹ የሚደርቁበት። ወንዙ ግድብ ካለው ደግሞ ሦስተኛ ይጨመራል፦ ግድቡ የሚሞላው አሳው በሚወጣበት በክረምቱ ነው።

ስለዚህ ዓመቱን በሙሉ እኩል መቆጠብ አይጠበቅባችሁም። በጥር የተወ አንድ ሺህ ሊትርና በጥቅምት መጨረሻ የተወ አንድ ሺህ ሊትር ለአሳው እኩል አይደሉም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ወራቱን ከዚህ ጽሑፍ ብቻ አትገልብጡ። ወንዝ ከወንዝ ይለያያል። ጠና ያሉ አስጋሪዎችን አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ አሳው መቼ እንደሚወጣና የት እንደሚያድር እነሱ ያውቁታል።

ደረጃ 2፦ ወንዙን በእግር ሂዱበት

ከወንዙ አፍ ተነስታችሁ፣ ቢቻል እስከ ላይኛው ጠጠራማ ገባር ድረስ፣ በኅዳር ውሃው ቀነስ ሲል ሂዱ። ደብተር ላይ ምልክት የምታደርጉት ለእነዚህ ነው፦ ጠጠር ያለበት ቦታ፣ በጋውን የሚቆይ ኩሬ፣ እያንዳንዱ ሞተር፣ ወንዙን አቋርጦ የተደረደረ የአፈር ጆንያ፣ አሸዋ የሚወጣበት ቦታ።

ከሁሉ በላይ ግን ወንዙ የሚሳሳባቸውን ቦታዎች ፈልጉ። ሰው ሱሪውን ሳይሰበስብ የሚሻገርባቸው ማለት ነው። አሳው ወንዙን በሙሉ ሞልቶ አይፈልገውም። የሚቀርበት እዚያች ስስ ቦታ ላይ ነው። ከስስ ቦታዎቹ ሁሉ ስስ የሆነችውን ለዩና አጠገቧ ያለ ትልቅ ድንጋይ ምረጡ። ቀዩ ቀለም ለእሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ለኩ

ብርቱካኑን አሁን አውጡት። ቀጥ ብሎ የሚፈስና የማይዞር ቦታ ፈልጉ። ዳርና ዳር ላይ ችካል ተክላችሁ 10 ሜትር ለኩ። ብርቱካኑን ከላይኛው ችካል ትንሽ ቀደም ብላችሁ መሀል ወንዝ ጣሉት። የላይኛውን ሲያልፍ ሞባይሉን አስጀምሩ፣ የታችኛውን ሲያልፍ አቁሙ። ብርቱካን የመረጥነው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብትጥሉ ነፋስ ይገፋውና ያሳስታችኋል። አምስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ያዙ።

25 ሰከንድ ፈጀ እንበል። 10 ሲካፈል ለ25፣ በሰከንድ 0.4 ሜትር ይሆናል። ይህ ግን የላዩ ፍጥነት ነው። ከሥር ድንጋዩ ስለሚይዘው ውሃው ይዘገያል። ጠጠራማና ጥልቀት የሌለው ወንዝ ከሆነ በ0.7 አባዙት፤ 0.28 ይመጣል።

ቀጥሎ ስፋቱን ለኩ። 6 ሜትር ነው እንበል። በየሜትሩ እንጨት እያቆማችሁ ጥልቀቱን ለኩና አማካዩን ውሰዱ። 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 6 በ0.25 ሲባዛ 1.5 ካሬ ሜትር። 1.5 በ0.28 ሲባዛ 0.42። ወንዙ በሰከንድ 420 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው።

ልኬቱ የመሐንዲስ ልኬት አይደለም፤ ትንሽ ሊሳሳት ይችላል። ለኮሚቴ ውይይት ግን ይበቃል። ቦታውንም ዘዴውንም አትቀያይሩ። በየሳምንቱ በአንድ መንገድ ከተለካ፣ የቁጥሩ መውረድ ራሱ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ሞተሮቹ የሚጠጡትን ቁጠሩ

የሞተሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ያ የሚሆነው ሞተሩ አዲስ፣ ዳገቱም ትንሽ ሲሆን ነው። 200 ሊትር በርሜል የቱቦው ጫፍ ሥር አድርጉና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ እዩ። በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ይስባል።

እንዲህ ዓይነት 30 ሞተር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ ቢነሳ 300 ሊትር በሰከንድ ይወጣል። ከ420ው የሚተርፈው 120 ነው። ያቺ ስስ መሻገሪያ ደረቀች ማለት ነው። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ወንዙ ይመለሳል፣ ጠዋት ይሄዳል። ዳር ዳሩን ይዞ የሚዋኘው ጫጩት ጠጠር ላይ ቀርቶ የወፍ ሲሳይ ይሆናል። በወር አማካይ ቢሰላ ይህ ጉዳት አይታይም። ስለዚህ በሰዓት እንጂ በወር አትቁጠሩ።

ደረጃ 5፦ ለወንዙ የሚቀረውን መጠን ወስኑ

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1976 ቴናንት የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ነው። ከወንዙ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት 10 በመቶ ብቻ ሲቀር አሳው ነፍሱን ለአጭር ጊዜ ያቆያል፤ 30 በመቶ ሲሆን ደህና ይኖራል ይላል። መነሻ ይሆናችኋል። ግን የተጠናው ሞንታናንና አካባቢዋን በመሰሉ በረዶ በሚዘንብባቸው አገሮች ነው። ክረምቱ ሁሉን ይዞ መጥቶ በጋው ባዶ ለሚሆንበት ለጉማራ እንዳለ አይገለበጥም።

እኔ የምመርጠው ድንጋዩን ነው። ስሷ ቦታ ላይ ውሃው የአሳውን ጀርባ ይሸፍን። ለሚወርድ ጫጩት አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ከላይ እስከ ታች የማይቆራረጥ ፈሳሽ መኖሩን አረጋግጡ። ክረምት ለሚወጣው ትልቅ አሳ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ውሃው እዚያ ልክ ላይ ባለበት ቀን ድንጋዩ ላይ ቀይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ሥር ከወረደ ግማሹ ሞተር ይጠፋል። ስሌት የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያየው ሕግ ይህ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም።

ውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበሩ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። ቀይ መስመሩ እዚያ ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 6፦ ተራ አውጡ

ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፣ ወጪውም ምንም ነው። 30 ሞተር እያንዳንዱ 8 ሰዓት ይሠራል እንበል። ሁሉም በአንድ ላይ ከሠራ 300 ሊትር በሰከንድ ይወጣል። በሁለት ፈረቃ ለ16 ሰዓት ብታከፋፍሉት 15 ሞተር ብቻ ስለሚነሳ 150 ይወጣል፤ ለወንዙ 270 ይቀራል። ገበሬው የሚያገኘው ውሃ አንዲት ጣሳ አልጎደለም።

ሌሊትንም ጨምሮ በሦስት ፈረቃ ቢሆን 100 ብቻ ይወጣል። የማታ ውሃ ፀሐይ ስለማይበላው ለማሳውም ይጠቅማል። ሆኖም ጅብ ባለበት፣ ጸጥታውም በማያስተማምንበት ቀበሌ ሰውን በሌሊት ውጣ ማለት አይሆንም። ሁለት ፈረቃ ይበቃል። የጠዋቱን ፈረቃ አንድ ወገን ብቻ እንዳይዘው በየሳምንቱ ይቀያየር፤ አለዚያ ተራው በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል።

ይህን ተራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጥብቅ ያዙ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀይ መስመሩ እስካልተነካ ድረስ ላላ ሊል ይችላል።

ደረጃ 7፦ ማሳ ላይ ቆጥቡ፣ የተቆጠበው ግን ወንዝ ውስጥ ይቅር

መንገዶቹን አብዛኛው ሰው ያውቃቸዋል። ትልሙን ማሳጠር፣ አንድ ትልም እየዘለሉ ማጠጣትና በሚቀጥለው ዙር የተዘለለውን መያዝ፣ መደቡ ላይ ጉዝጓዝ መጣል፣ የሚያፈስ ቱቦን በካላማዳሪ ጠፍሮ ማሰር። እኩለ ቀን ላይ አለማጠጣት። ነጠብጣብ መስኖ የቻለ ይግዛ።

ሁሉም የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ገበሬ ውሃ ሲተርፈው ምን ያደርጋል? ማሳ ይጨምራል። እኔም ብሆን እጨምራለሁ። በቁጠባ የተገኘው ውሃ ለአንድ ጥማድ ተጨማሪ ሽንኩርት ከዋለ ለአሳው የተረፈ ነገር የለም። እንዲያውም ቀድሞ ከማሳ ሰርጎ ወደ ወንዝ ይመለስ የነበረው ውሃ እንኳ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውም የቁጠባ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በመስኖ የሚለማው መሬት በየአባሉ ይለካ፣ ይመዝገብ። ድጋፉን የሚወስድ ሰው በወሳኞቹ ሁለት ወራት መሬት እንዳይጨምር ይፈርም። ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ለአሳ ወጣ አትበሉ።

የላይኛውን ተፋሰስ አትርሱ። ጥርና የካቲት ላይ በዘመቻ የሚሠራው እርከን ውሃውን አስርጎ ለበጋ ያቆየዋል፣ ደለል ጠጠሩን እንዳያለብሰውም ያግዛል። ወንዝ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል።

ደረጃ 8፦ መምጠጫው ላይ ወንፊት አድርጉ

ሞተር ውሃ ብቻ አይስብም። ጫጩቱንም ስቦ ማሳ ላይ ይረጨዋል። መምጠጫ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ፋብሪካ የሠራት ማጣሪያ ቅጠል እንጂ ጫጩት አታስቀርም።

30 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅርጫት በሽቦ ሥሩ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት አልብሱትና የቱቦውን ጫፍ መሀሉ ላይ አስቀምጡ። ቅርጫቱ ትልቅ የሆነው በምክንያት ነው። ስቦቱ በሰፊው ስለሚከፋፈል ጫጩቱ ወንፊቱ ላይ አይለጠፍም፤ ዋኝቶ ያመልጣል። ቱቦው ላይ በቀጥታ ወንፊት ብትጠመጥሙ ግን ትገድሉታላችሁ፣ ሞተሩም ውሃ አጥቶ ይሞቃል። ቅርጫቱ ጭቃ ላይ አይቀመጥ፤ በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ይጠረግ።

ደረጃ 9፦ መንገዱን ክፈቱ

ለሞተር ውሃ እንዲጠራቀም ተብሎ ወንዙ በአፈር ጆንያ ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛ፣ ጥልቁ ባለበት በኩል አንድ ሜትር ያህል ክፍት መተው። ሁለተኛ፣ ጆንያውን ከኅዳር መጨረሻ በፊት አለመደርደር። ግንቦት ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ጎርፉ ይወስደዋል ብሎ መተው አያዋጣም፣ የቀረው ላስቲክ ክረምት ላይ መንገድ ይዘጋል።

የወንዙ አፍ ላይ እምቦጭ ካለ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት መተላለፊያ ይጠረግለት። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ታይቶ የተስፋፋው በሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ መገጭና ርብ የሚገቡትም በዚሁ በኩል ነው።

ደረጃ 10፦ ውሃ ያልሆነው ማካካሻ

አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ይከዳና ምንም ብታደርጉ ውሃ አይተርፍም። ያኔ ካሳው በሌላ መንገድ ይከፈላል።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ አሠርተውታል። በላይኛው ኮሎራዶ ወንዝ አራት ዓይነት አሳ ሊጠፋ ሲል እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ መርሐ ግብር ተመሠረተ። አዲስ ውሃ የሚወስድ ፕሮጀክት እንደሚወስደው መጠን አንድ ጊዜ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘቡ ለአሳ መተላለፊያና ለመኖሪያ ቦታ ማደሻ ይውላል፤ ግድቦቹም አሳው በሚራባበት ወቅት ውሃ ይለቃሉ። ከአራቱ አንዱ፣ ሃምፕባክ ቸብ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከከፋው የአደጋ ደረጃ ዝቅ ብሏል። እዚህ የምንማረው ክፍያውን አይደለም። ክፍያው የሠራው ግድቡ ውሃ ስለለቀቀ ነው። ገንዘብ ብቻውን አሳ አያዋኝም።

በእኛ ወንዞች ሦስት ነገር ይቻላል። መጀመሪያ መረብ፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዝ አፍና መራቢያ ገባሮች ላይ መረብ አይጣል። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለዚህ መሠረት ይሆናል፤ ተፈጻሚ የሚሆነው ግን አስጋሪዎቹ ራሳቸው ጥበቃው ውስጥ ሲገቡ ነው። ሁለተኛ ብርብራ፦ ፍሬውን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመር ትልቁንም ትንሹንም ባንድ ቀን ይጨርሳል። ሦስተኛ አሸዋና ጠጠር፦ መራቢያው ጠጠር ለግንባታ ከተጫነ፣ ውሃው ቢመለስም አሳው የሚጥልበት የለም። ወጣቶቹ የአሸዋ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ቦታ ቀይሩላቸው፤ ባዶ እጃቸውን አትስደዷቸው።

ደረጃ 11፦ ከሚደርቅ ኩሬ ማውጣት

የመጨረሻው አማራጭ ይህ ነው። መጋቢት ላይ ኩሬው ሲሳሳና አሳው አፉን ወደ ላይ ማንሳት ሲጀምር፣ ገና ሲነጋ ውሃው ሳይሞቅ ግቡ። ለስላሳ ወንፊት ተጠቀሙ። ባልዲውን ግማሽ ብቻ ሙሉ፣ ጥቂት ጥቂት ያዙ፣ ጥላ ይደረግለት። የሚለቀቀው እዚያው ወንዝ ውስጥ ያለ ጥልቅ ኩሬ ወይም ሐይቁ ውስጥ ነው። ከርብ ወደ ጉማራ አትውሰዱ፤ የየወንዙ አሳ የራሱ ሊሆን ስለሚችል አትደባልቁት። ከሌላ ቦታ የመጣ የአሳ ጫጩት ወንዙ ውስጥ እንጨምር የሚል ሰው ቢመጣም በጎ ሐሳብ ነው ብላችሁ እንዳትቀበሉ።

ደረጃ 12፦ ግድብ ካለ ከግድቡ ጋር ተነጋገሩ

ርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ቆጋም በግልገል ዓባይ ገባር ላይ 83 ሚሊዮን ገደማ ይይዛል። በዚህ መጠን ፊት የናንተ 30 ሞተር ትንሽ ነው። የግድቡ አንድ ቫልቭ የሚሠራውን እናንተ በሙሉ የበጋ ቁጠባ አትሠሩትም።

ስትሄዱ «ለአሳ ውሃ ልቀቁ» ብቻ አትበሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ቀን፣ መጠንና ምክንያት ይዛችሁ ሂዱ፦ ነሐሴና መስከረም ላይ ለጥቂት ቀናት ጎርፍ የሚመስል ፍሰት ይለቀቅ፣ አሳው ለመውጣት የሚነሳበት እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ፍሰቱ በአንድ ሌሊት አይቆረጥ፣ በቀናት ቀስ እያለ ይውረድ። በጋውን ደግሞ ቀይ መስመሩ እንዳይጋለጥ የሚያህል ይፍሰስ። ከደረጃ 3 ጀምሮ የያዛችሁት ደብተር የሚጠቅመው እዚህ ነው። የአንድ ዓመት ሳምንታዊ ልኬት ይዞ የሚመጣ ኮሚቴ ቢሮ ውስጥ በሌላ ዓይን ይታያል። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የተፋሰሱ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይኑረው። ባሕር ዳር ያሉትን የአሳ ተመራማሪዎችም ጋብዟቸው፤ ቁጥራችሁን ያርሙላችኋል።

ደብተሩ ላይ በየሳምንቱ የሚጻፈው ይኸው ነው፦ ቀኑ፣ የብርቱካኑ ሰከንድ፣ ጥልቀቱ፣ የሠሩት ሞተሮች ብዛት፣ ውሃው ከቀይ መስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች፣ የታየ ጫጩት ወይም የሞተ አሳ። ጸሐፊው ከተቀየረ ደብተሩ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር አብሮ ይረከባል። ለቤት አይወሰድም።